የአሰላ አየርና የባቄላው ድስት

በአርሲ ደጋ ባቄላ ለመቀቀል የሚፈጀው ማገዶ ከጋዝ ቅንጣቶች ጠባይ ጋር የተያያዘ ነው። የጠጣር ቅንጣቶች በየቦታቸው ሲርገበገቡ፣ የጋዝ ቅንጣቶች ግን በየአቅጣጫው እየበረሩ ካገኙት ነገር ጋር ይላተማሉ፤ የአየር ግፊት የምንለውም የዚህን ግጭት ውጤት ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አሰላ፣ ከላይ የሚጫነው አየር ስለሚያንስ ቅንጣቶቹ ይራራቃሉ፤ ግፊቱም በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። (የኦክስጅን ድርሻ ግን በሁለቱም ስፍራ 21 በመቶ ነው፤ ሯጮቻችን በአንድ ትንፋሽ የሚያገኙት ኦክስጅን የሚያንሰው አየሩ በመሳሳቱ ነው።) ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲተካከል ስለሆነ፣ አሰላ ላይ 92 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል። እሳቱን ብናበረታው ውኃው ቶሎ ይተናል እንጂ ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ ባቄላውም ይዘገያል። ክዳኑ ጠብቆ የሚዘጋ የግፊት ድስት ግን እንፋሎቱን አፍኖ ግፊቱን ስለሚያሳድግ፣ ውኃው አሰላም ላይ ከ100 ዲግሪ በላይ ይሞቃል።