ወደ ጢያ ከመውረድ በፊት ስድስት ኪሎ

በቡታጅራ ሚኒባስ ተሳፍሮ ጢያ ላይ «ወራጅ አለ» የሚል መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የአካባቢው ሰው ነው። ጎብኚው በኪራይ መኪና ይመጣል፤ ትኬት ይቆርጣል፤ አስጎብኚው በድንጋዮቹ ላይ ስለተቀረጹት ጎራዴዎች የሚለውን ይሰማል፤ ፎቶ ይነሳና ይሄዳል። ግማሽ ሰዓት ከቆየ ብዙ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1980 ከአክሱም ጋር በአንድ ዓመት በዓለም ቅርስነት ለተመዘገበ ቦታ ግን ይህ ያንሰዋል።

ጢያ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የሶዶ ከተማ ናት። ሶዶ ዛሬ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን አካል ሲሆን የዞኑ መቀመጫ ቡታጅራ ነው። በሶዶ ምድር ጥንታዊ ቅርስ የተገኘባቸው ቦታዎች ወደ 160 ይጠጋሉ፤ ስሙ የገነነው ግን የጢያው ነው። በግቢው ካሉት 36 ድንጋዮች 32ቱ ቅርጽ አላቸው። አንዳንዱ ከሰው ወገብ አይበልጥም፤ ረጅሙ እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። ቀጥ ብሎ የቆመ አለ፣ ያዘመመም አለ።

ከአንዱ ፊት ቆም ብለን እንየው። መጀመሪያ ዓይን የሚገባው ጎራዴው ነው፤ ሰፊ ስለት፣ አጭር እጀታ። አንዱ ድንጋይ ላይ ጥቂት፣ ሌላው ላይ ብዙ ተደርድሯል። በጎራዴዎቹ መካከል ክብ ምልክት ይታያል፤ ሁለት መስመር ተሻግሮ የሠራው መስቀለኛ ቅርጽም አለ። ወደ ታች ሲወርዱ ከአንድ ግንድ ወደ ላይ የተከፈቱ ቅጠሎች የሚመስል ምልክት ይገኛል፤ የአገሩ ሰው ሲያየው እንሰት ነው ይላል። ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም ይህ ሁሉ ይደበዝዛል። በማለዳ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ግን ጥላ እየገባበት አንድ በአንድ ይወጣል። ስለዚህ ጢያን የሚጎበኝ ሰው ከመኪናው ይልቅ ሰዓቱን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ትርጉሙን በተመለከተ አስጎብኚዎች ዝግጁ መልስ አላቸው። ጎራዴው የተቀበረው ጀግና የገደላቸውን ሰዎች ቁጥር ይናገራል፣ ክቡ የሴት ምልክት ነው፣ ወዘተ። መስማቱ ደስ ይላል። የዓለም ቅርስ መዝገብ ራሱ ግን የአብዛኛው ምልክት ፍቺ አስቸጋሪ መሆኑን አይሸሽግም። የአካባቢው አፈ ታሪክ ደግሞ ድንጋዮቹን «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ግራኝ የተባሉት ኢማም አህመድ የ16ኛው መቶ ዘመን ሰው ናቸው፤ በቁፋሮ የተገኙትን መቃብሮች ያጠኑት ግን ከ12ኛው እስከ 14ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ ያስቀምጧቸዋል። ይህን ቁፋሮ የመራው ፈረንሳዊው አርኪዮሎጂስት ሮዤ ዡሶም ነው። ከድንጋዮቹ ሥር የተገኙት በአብዛኛው ወጣቶች ሲሆኑ፣ ጉልበታቸው ወደ ደረታቸው ታጥፎ ነው የተቀበሩት። እንግዲህ ግቢው የመቃብር ቦታ ነው። ድንጋይ ተደግፈው ፎቶ የሚነሱ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ኖሮ ትንሽ ራቅ ይሉ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

የእኔ ምክር፣ ወደ ጢያ ከመውረድ በፊት አንድ ቀን ስድስት ኪሎ መዋል ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ተቋሙ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ሙዚየሙ ዕቃን በብሔረሰብ ከፋፍሎ ከመደርደር ይልቅ በሰው ዕድሜ ያስኬዳል፤ በልደትና በልጅነት ተጀምሮ በጎልማሳነት አልፎ ሞት ላይ ይደርሳል። እዚያ ስለ መቃብር ሐውልቶች የታየው፣ ጢያ ላይ ሲደርሱ ትዝ ይላል። በዚያው ቤት የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ክፍልና መታጠቢያ ቤትም ይጎበኛል፤ ሕዝቡ ከሁሉ ይልቅ የሚጋፋው እዚያ ነው።

ከዚያ ራቅ ሳይሉ በገብረ ክርስቶስ ደስታ ስም የተሰየመው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1932 ሐረር የተወለደው ይህ ሠዓሊና ገጣሚ ጀርመን ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ረቂቅ ሥዕል ይዞ መጣ። መልክ የማይመስል ሥዕል ምን ይባላል ብለው ብዙዎች ተከራክረውበታል። እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ኦክላሆማ ውስጥ በስደት አረፈ። ከእሱ ሸራዎች ፊት ቆሞ «ይህ ምንድን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ትቶ ቅርጹን፣ ርቀቱን፣ ድግግሞሹን ማየት የለመደ ሰው ጢያ ላይ አይቸገርም። ድንጋዩን የጠረቡትም ሰዎች መልክ ለማስመሰል አልደከሙም፤ ጎራዴን ጎራዴ የሚያደርገውን ብቻ አስቀርተው ሌላውን ጣሉት። ረቂቅ ሥዕል ከውጭ የመጣ ነገር ነው የሚለው ክርክር ሶዶ ላይ ብዙ አያስኬድም።

ከጢያ ሌላ የጉራጌን መንደር ማየት ለሚፈልግ፣ ወልቂጤ በሌላ መንገድ፣ በጅማው መስመር ናት፤ በአንድ ቀን ሁለቱን ልይ ማለት ከንቱ ድካም ነው። በዚያ በኩል የሚታየው ድንጋይ ሳይሆን ቤት ነው። በሰባት ቤት ጉራጌ መንደሮች ጎጆዎቹ በሰፊው ሣር ለበስ መንገድ፣ በጀፎረ፣ ግራና ቀኝ ተሰልፈው ይቆማሉ፤ ከጓሮ እንሰቱ አለ። ውስጥ ገብቶ ቀና ማለት ነው። ከመሐል ምሰሶው የሚነሱት ደጋፊ እንጨቶች ወደ ጣሪያው እንደ ጃንጥላ ዘንግ ይዘረጋሉ፤ ሚስማር አልነካቸውም። እ.ኤ.አ. በ2019 አዲስ አበባ የተከፈተው ዞማ ሙዚየም፣ ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ በጭቃና በጭድ ያሠሩት፣ ብዙ የተወደሰው እንዲህ ያለውን የአገር ቤት ሙያ ወደ ሥነ ጥበብ ስላመጣ ነው። መንደሩ ውስጥ ግን ሙያው ዛሬም የሚኖሩበት ቤት ነው። ትኬት የለውም፤ ባለቤቱን አስፈቅዶ መግባት ነው። ቡና መፈላቱ አይቀርም፣ ቸኩያለሁ ማለትም አያዋጣም።