ስኳር ሕመምና ኩላሊት፦ ሳያምም የሚጀምር ጉዳት



ስኳር በደም ውስጥ ለዓመታት ሲበዛ የኩላሊትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ይህም ማጣሪያውን ቀስ በቀስ ያዳክመዋል፤ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲንም ወደ ሽንት ያመልጣል። በዚህ ጊዜ ሕመም አይሰማም፤ እግርም ገና አያብጥም።

በደም የሚለካው ክሬያቲኒን ብዙውን ጊዜ ከፍ የሚለው ጉዳቱ ከገፋ በኋላ ነው። የሽንት አልቡሚን ግን ቀደም ብሎ ያስጠነቅቃል።

ስለዚህ ስኳር ያለባችሁ ወገኖች፣ ሁለቱም ምርመራዎች በዓመት አንድ ጊዜ እንዲሠሩላችሁ ጤና ጣቢያውን ጠይቁ። የደም ግፊታችሁን ተለኩ። ለወገብ ሕመም ብላችሁ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሱቅ ገዝታችሁ አትውሰዱ፤ ኩላሊትን ይጎዳሉ። «ደህና ነኝ» ብላችሁም መድኃኒታችሁን አታቋርጡ።

የኩላሊት እጥበት በካምፕ ክሊኒክ አይሰጥም፤ አስቀድሞ መጠንቀቅ ግን በእጃችን ነው።