ዘመን የሳተ ሰርቨር

በ2016 ዓ.ም. የእንቁጣጣሽ ዕለት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ፣ ዶሮው ተበልቶ ቡናው ከአቦል ወደ ቶና ሲሻገር፣ የእህቴ ልጅ ስልኩን ከረከቦቱ ጎን ደግፎ ከካሊፎርኒያ የሚተላለፈውን የአፕል ኩባንያ የአዲስ ስልክ ማስተዋወቂያ በጽሞና ይከታተል ነበርና፣ «ጋሼ፣ የአይፎን 15 የቻርጀር ቀዳዳ ተቀየረ እኮ! ልግዛው ወይስ ልቆይ?» ሲል ጠየቀኝ። ዕድሜውን በሰርቨር ክፍል የሚፈጅ ሰው የስልክን ነገር ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል ተብሎ የሚታመንበት ምክንያት እስከ ዛሬ አልተገለጠልኝም። ሆኖም ስለ 48 ሜጋፒክሰሉ ካሜራ ከተነገረው ሐተታ ሁሉ ይልቅ ቁም ነገር ያለው ያ ቀዳዳ መሆኑን ነገርሁት፤ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሕግ ስልኮች ሁሉ በዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳ ኃይል እንዲሞሉ እስከ 2024 መጨረሻ ቀነ ገደብ ቢቆርጥ፣ ኩባንያው ከ2012 ጀምሮ የሙጥኝ ብሎት የኖረውን ላይትኒንግን ትቶ ከሌላው ሰው ቻርጀር ጋር ታረቀ። ልጁ ግን ለሕጉ ግድ አልነበረውም፤ ዓይኑ ሮዙ ቀለም ላይ ነበር።

በዚያው ሌሊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት መብራት ሄደ። ዩፒኤሱ ያለችውን ኃይል ጨረሰ፣ ጄኔሬተሩን የሚያስነሣውም ሰው ለበዓል አገሩ ሄዶ ነበርና ሰርቨሮቹ ሁሉ ጠፉ፤ መብራቱ ሲመለስ ግን በራሳቸው ተነሥተው ኖሮ፣ መስከረም 2 በነግህ ስደርስ አረንጓዴ መብራቶቻቸው ምንም እንዳልደረሰባቸው ይብለጨለጩ ነበር። የሒሳብ ክፍሉ ሠራተኞች ግን የጋራውን ፎልደር መክፈት አልቻሉም። ኔትወርኩን መረመርሁ፤ ፒንጉ ይመልሳል። ዲስኩን አየሁ፤ አልሞላም። በሙያችን ደዌው ላልታወቀ በሽተኛ ሁሉ እንደሚደረገው አገልግሎቱን ሁለት ጊዜ ሪስታርት አደረግሁት፤ እርሱም ሁለት ጊዜ ተነሥቶ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ።

ከዘበኛው ዘንድ ወርጄ፣ «አባባ፣ መብራት የሄደው መቼ ነው?» አልኋቸው። «ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ነው ልጄ፤ ዶሮ ገና አልጮኸም» አሉኝ። ስመለስ ረዳቴ የሰማውን ይዞ ሎጉን ከ08:00 ጀምሮ ሲያስስ አገኘሁት። የሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኮምፒውተሩ ልማድ 02:00 ነው፤ ሎጋችን የሚጻፈው ደግሞ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሆነ ከዚያ ላይ ሦስት ሰዓት ሲቀነስ 23:00 ይሆናል፣ ቀኑም ወደ ትናንት ያፈገፍጋል፤ ስለዚህ በአባባ አፍ የመስከረም 2 ሌሊት የሆነው ነገር በማሽኑ መዝገብ የተጻፈው በእንቁጣጣሹ ነው። ይህን ትርጓሜ ለስንት ጀማሪ እንዳስተማርሁ አላስታውስም፣ ራሴም ሲቸኩለኝ እስታለሁ።

የሌሎቹ ሰርቨሮች መዝገብ እንደ ተባለው በ23:00 ተቋርጦ ከሰዓታት በኋላ ይቀጥላል። የፋይል ሰርቨሩ ግን ከሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 ቀጥሎ የጻፈው ጃንዋሪ 1 ቀን 2010 ብሎ ነበር። በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 2002 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ እኛ እንቁጣጣሽን አክብረን ስንመለስ እርሱ ገና ሊገባ ስድስት ቀን ቀርቶት ይጠብቃል።

መብራት በሌለበት ጊዜ የማሽኑን ሰዓት የምታቈየው በማዘርቦርዱ ላይ የተቀመጠች ሲአር2032 የምትባል ክብ ባትሪ ናት፤ ቁጥሯ መጠኗን ይናገራል፣ 20 ሚሊሜትር ስፋት፣ 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት። የእኛይቱ ከሞተች ቈይታ ኖሮ መብራት እስኪሄድ ድረስ ያወቀባት አልነበረም። በሩን የዘጋው ግን ኬርቤሮስ ነው፤ ይኸውም ስሙ በግሪኮች አፈ ታሪክ የሙታንን ደጅ ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የተወሰደ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራ የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓት ሲሆን፣ ትኬቱን ሰርቆ የቀዳ ሰው ቈይቶ እንዳይገባበት ሲል፣ የሁለቱ ወገኖች ሰዓት እንደ ልማዱ ከ5 ደቂቃ በላይ ከተለያየ አያስገባም። በባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ስፍር አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ፣ አንዱም ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነውና፣ ኬርቤሮስ የሚታገሠው ስሕተት የኬክሮስ አምስተኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። (የስሞቹ መመሳሰል አጋጣሚ ነው፤ ረዳቴ ግን በዚያ ምክንያት አልረሳውም።) የእኛ ሰርቨር የሳተው አሥራ ሦስት ዓመት ከስምንት ወር ነበር።

ሰዓትን ከኔትወርኩ እየጠየቀ የሚያርመው ኤንቲፒ የት ሄዶ ነው ቢሉ፣ አገልግሎቱ ልዩነቱ ከ1000 ሰከንድ ሲበልጥ፣ ይህን ያህል የሚሳሳት ሰካራም እንጂ የዘገየ ሰው አይደለም ብሎ የፈረደ ይመስል፣ እርማቱን ትቶ ራሱን እንዲያቆም ሆኖ የተሠራ ነው። ይህንንም በአንዲት መስመር ጽፎልን ነበር፤ ሳናነባት የቀረነው በ2010 ላይ ስለ ተጻፈች ነው።

የኤንቲፒን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ኋላ የዴላዌር ዩኒቨርሲቲ መምህር የሆኑት ዴቪድ ሚልስ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ጥያቄው የተነሣበትን፣ የደረሰበትን፣ መልሱ የወጣበትንና የተመለሰበትን አራት ጊዜያት አመዛዝኖ የመንገዱን ድካም ከሰዓቱ ላይ የሚያነሣው ስሌት እጅግ ውብ ነው። ጥር 8 ቀን 2016 ዓ.ም. አረፉ፤ በዚያው ዕለት ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ24ን ለዓለም አሳየ፤ የእህቴ ልጅ የትኛውን ዜና እንዳነበበ መናገር አያስፈልገኝም።

ወደ ነገሬ ልመለስና፣ ባትሪዋን የገዛነው መገናኛ ከአንድ የእጅ ሰዓት አዳሽ ሱቅ ነው፤ ዋጋዋም የታክሲያችንን ያህል አልሆነም። ሰዓቱን በእጅ አስተካክለን የሒሳብ ክፍሉ ፎልደር ሲከፈት፣ ለረዳቴ ሌላ የዘመን ነገር አነሣሁለት። በዩኒክስ ልማድ ጊዜ የሚቈጠረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ በሰከንድ ነው፤ አሮጌው ባለ 32 ቢት ቈጣሪ ደግሞ ከ2,147,483,647 አያልፍም፤ ቁጥሩ ሞልቶ ማሽኑ ወደ 1901 የሚወድቀውም ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ሲያልፍ፣ ታቦታቱ በጃንሜዳ አድረው ሕዝቡ ጠበሉን በሚጠባበቅበት ማለዳ ነው። አዳዲሶቹ ማሽኖች በ64 ቢት ስለሚቈጥሩ ይህ አያገኛቸውም፤ የታችኛው በር መቈጣጠሪያ ግን ከአሮጌዎቹ ወገን ነው።

ረዳቴ በጣቶቹ ቈጠረና፣ «ያኔ እርስዎ ጡረታ ወጥተዋል፤ ተረኛው እኔ ነኝ ማለት ነው» አለኝ፤ የሞተችውንም ባትሪ ከጠረጴዛው አንሥቶ ኪሱ ከተታት።