የአንጎል ኦፕራሲዮን ያደረገ በሽተኛ ቢንቀጠቀጥ

አንድ የከዚራ ቤተሰብ ከአባሎቹ አንዱ የአንጎል ዕጢ ወይም በአደጋ ምክንያት የደም መቋጠር ተገኝቶበት ኦፕራሲዮን ግድ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ጓዙን ሸክፎ ወደ አዲስ አበባ መጓዝ ይኖርበታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን ማሠልጠን የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006 ሲሆን፣ ከዚያ በፊት ሐኪሞቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ኦፕራሲዮኑ ከተሳካ በኋላም ቤተሰብን የሚያስደነግጥ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም የበሽተኛው በድንገት መንቀጥቀጥ ነው።

በመጀመሪያዎቹ 7 ቀናት ውስጥ የሚደርሰውን መንቀጥቀጥ ሐኪሞች ዘግይቶ ከሚመጣው ለይተው ያዩታል። የተነካው አንጎል ያብጣል፤ ደም ሊቋጥር፣ በደም ውስጥ ያለው ጨው ወይም ስኳር ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ ነርሷን ወዲያው መጥራት ያሻል። ሆኖም በዚያ ሳምንት አንዴ የተንቀጠቀጠ ሁሉ የሚጥል በሽታ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይኖራል ማለት አይደለም። ለጎረቤት ሐሜትም መልሱ ይኸው ነው።

በሆስፒታሎቻችን ከአልጋው አጠገብ ሌሊቱን የምትቀመጠው አብዛኛውን ጊዜ እናት ወይም ሚስት ስለሆነች፣ ነገሩን ቀድማ የምታየው እሷ ናት። መላ ሰውነት ሁልጊዜ አይንፈራገጥም፤ የከንፈር ጥግ ወይም የአንድ እጅ ጣቶች ብቻ ሊርገበገቡ፣ ዓይን ወደ አንድ ጎን ሊዞር፣ ንግግር ለጥቂት ጊዜ ሊቋረጥ ይችላል። ከየትኛው ጎን እንደጀመረና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ሰዓት አይታ ብትናገር ለሐኪሙ ትልቅ ርዳታ ነው።

ቤት ከተገባ በኋላ ቢደርስስ? በሽተኛውን በጎኑ ማስተኛት፣ የአንገቱን ልብስ ማላላት፣ ራሱን ጠንካራ ነገር እንዳይመታው መጠበቅ ነው። ክብሪት ጭሮ ማሽተት ጥቅም የለውም፤ ማንኪያ በጥርስ መሐል ማስገባትማ ጥርስ ይሰብራል፣ ትንፋሽም ያግዳል። ኦፕራሲዮኑ ገና ትኩስ ስለሆነ መንቀጥቀጡ ቢያቆምም ወደ ድል ጮራ ወይም በቅርብ ወዳለ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። 5 ደቂቃ ካለፈ ግን ማቆሙን ሳይጠብቁ መሮጥ ነው።

መድኃኒቱን፣ ፊኒቶይንም ሆነ ሌቨቲራሴታም፣ ቤተሰብ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም። እርግጥ የአሜሪካ የነርቭ ሕክምና አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣው ምክር፣ ከዚያ በፊት ተንቀጥቅጦ ለማያውቅ የዕጢ ታማሚ ከኦፕራሲዮኑ አንድ ሳምንት በኋላ መድኃኒቱ ቀስ በቀስ ቢቀነስ ተገቢ መሆኑን ገልጿል። የሚቀንሰው ግን ሐኪሙ ነው፤ «ድኗል» ብሎ በአንድ ጊዜ መተው ራሱ መንቀጥቀጥ ያመጣል።

እንቅልፍ ማጣትም እንዲሁ። የድሬዳዋ ጠያቂ ደግሞ ደግ ነው፤ ቡናውም ጫቱም ቀርቦ እስከ እኩለ ሌሊት ይጫወታል። በነዚያ ሳምንታት እንኳ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት በትህትና ቢሸኝ ይሻላል።