የጓሮ እንጆሪ ፍሬው እንዲወፍርና እንዲጠና

በንፋስ ስልክ ላፍቶ በግቢያቸው ጥቂት መሬት ያላቸው ሰዎች ከጎመኑና ከጤና አዳሙ አጠገብ የፈረንጅ እንጆሪ ቢተክሉ ለልጆቻቸው ደስታ ለማዕዳቸውም ጌጥ ያገኙበታል። ይህ ተክል በየወንዙ ዳር ከሚበቅለው ከእሾኻሙ የአገራችን እንጆሪ ጋራ በስም ቢተባበርም ዘሩ ልዩ ነው።

ብዙ ሰው ፍሬው ያነሰበት እንደ ሆነ ማዳበሪያ ያበዛል፤ ይህ ግን ቅጠሉን እንጂ ፍሬውን አያወፍርም። ዋናው ነገር ያለው ከመሬቱ ዘንድ ነው። በከተማው ደቡብ ብዙው አፈር ጥቁር ዋልካ ስለ ሆነ በክረምት ውሃ ይቋጥራል። የእንጆሪም ሥር ከላይ ከላይ የሚሄድ ስስ ሥር ነውና ውሃ በተኛበት መሬት ይበሰብሳል፤ በመስከረም «ብርድ መታብኝ» የሚባልለት ተክል አብዛኛውን ጊዜ የገደለው ውሃ ነው። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ መደቡን 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ፣ በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሎ፣ በዙሪያው ቦይ ማውጣት ይገባል። በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ይተው። ቅጠሉ የሚወጣበት እምብርት ከአፈሩ ጋራ ትክክል ይሁን፤ ቢቀበር ይበሰብሳል፣ ሥሩ ቢገለጥ ይደርቃል። ፍሬው ጭቃ እንዳይነካው ከሥሩ ጭድ ይነጠፍለት።

የአዲስ አበባ ቀን ዓመቱን ሙሉ ከ12 ሰዓት ብዙ አይርቅም። በዚህ ምክንያት በአውሮፓ የቀኑን ማጠር ጠብቆ አበባውን የሚያዘጋጀው ዓይነት በእኛ ዘንድ ያን ወቅት መጠበቅ አያስፈልገውም። ነገር ግን ሁልጊዜ የሚያፈራ ተክል ይደክማል። ስለዚህ በምድር ላይ እየሳበ የሚሰደው ሐረግ ለዘር ከሚፈለገው በቀር ይቆረጥ፤ አዲስ የተተከለውም ሥር እስኪሰድ ድረስ የመጀመሪያ አበባው ይቀጠፍ። ልጆች ያዝኑበታል፤ ቢሆንም ይቀጠፍ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ1714 ፍሬዚዬ የሚባል የፈረንሳይ መሐንዲስ ትልልቅ ፍሬ ያለውን እንጆሪ ከቺሊ ወደ አገሩ አመጣ። ያመጣቸው ተክሎች ግን ሁሉም ሴቶች ስለ ነበሩ የሰሜን አሜሪካው እንጆሪ በአጠገባቸው እስኪተከል ድረስ ፍሬ አልሰጡም። ዛሬ በዓለም የሚበላው ትልቁ እንጆሪ ከነዚህ ከሁለቱ የተዳቀለ ነው። የአሁኑ ተክል ወንዱንም ሴቱንም በአንድ አበባ ይዟል፤ ሆኖም በፍሬው ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ዘሮች የአበባ ብናኝ ካልደረሳቸው በዙሪያቸው ያለው ሥጋ አያድግም፤ ፍሬውም ጠማማ ይሆናል። አበባ ባለበት ጊዜ የተባይ መድኃኒት መርጨት ንቡን ማባረር ነው።

ውሃው በጧት ለሥሩ ይሰጥ፤ ቅጠልና ፍሬ ርሶ ሲያድር ሻጋታ ይይዘዋል። የሻገተውም ፍሬ ወዲያው ተለቅሞ ይጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ አሮጌው ተነቅሎ ከጤነኛ ተክል የወጣው ልጅ በሌላ መደብ ይተካ። እንጆሪ ከተቀጠፈ በኋላ ስለማይበስል ፈጽሞ ሲቀላ በማለዳ ከነእሸቱ ይለቀም፤ እስኪበላም ድረስ አይታጠብ።