ምድርን መጠበቅ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት አይደለም

ልጅ አብዝቶ የሚማረው መምህሩ ከሚነግረው ቃል ይልቅ ዘወትር በዓይኑ ከሚያየው ሥራ ነው። ስለዚህ መምህሩ በሰሌዳ ፊት ቆሞ ስለ ምድርና ስለ ውሃ ጥበቃ መልካም ነገር ቢናገር፣ ተማሪውም ከክፍል ሲወጣ ጥራጊው በአጥር ሥር ተከምሮ ሲጤስ ቢያይ፣ የሰማው ትምህርት ከደብተሩ አልፎ ወደ ልቡ አይገባም።

ይህን ነገር ከሁሉ አስቀድሞ በአዲስ አበባ ምዕራብ፣ በኮልፌ ቀራንዮ ላሉት ትምህርት ቤቶች ማሳሰብ ይገባል። የከተማይቱ ጥራጊ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲከመርበት የኖረው፣ ሕዝቡም ቆሼ ብሎ የሰየመው የረጲ ሥፍራ በዚያ ይገኛልና። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ይህ ክምር ተንዶ በሥሩ በነበሩት ቤቶች ላይ ወደቀ። ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

ያ ክምር በአንድ ቀን የቆመ አይደለም፤ ሁላችን ከየቤታችን እያወጣን የጣልነው ነው። በ2008 ዓ.ም. ጥራጊው ወደ ሰንዳፋ መወሰድ ጀምሮ ነበር፤ ዳሩ ግን የአገሩ ገበሬዎች ስለተቃወሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቆሼ ተመለሰ። በ2010 ዓ.ም. ጥራጊ እያቃጠለ የኤሌክትሪክ ኃይል እንዲሰጥ የታሰበ ፋብሪካ በረጲ ተመረቀ። ፋብሪካ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጥራጊውን ከምንጩ የሚቀንሰው የሰው ልቡና እንጂ ምድጃ አይደለም።

ይህስ ልቡና እንዴት ይገኛል? አንዳንዶች በታችኛው ክፍል የሚሰጠው የአካባቢ ሳይንስ ይበቃል ይላሉ፤ ሌሎችም መምህራኑ ሥራ ስለበዛባቸው አዲስ ትምህርት አይጨመርባቸው ይላሉ። እኛም አዲስ ትምህርት ይጨመር አላልንም፤ የነበረው ትምህርት ፊቱን ወደ ኑሮ ይመልስ እንላለን እንጂ።

የሒሳብ መምህር የትምህርት ቤቱን የአንድ ሳምንት ጥራጊ አስመዝኖ የዓመቱን ያሳስብ። የሳይንስ መምህር የምግብ ትራፊ ሲታፈንና ሲበሰብስ ሜቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ እንደሚወጣው፣ ውሃ የጠገበ ክምርም ስለ ምን እንደሚናድ ያስረዳ። የታሪክ መምህር በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እንጨት ስላነሰ መናገሻው ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ እንደነበረና ባሕር ዛፍ ከተማይቱን በሥፍራዋ እንዳጸናት ይተርክ። የግብረ ገብ መምህር የሰንዳፋን ነገር አንሥቶ፣ ከደጄ ያራቅሁት ቆሻሻ በማን ደጅ ይውደቅ ብሎ ይጠይቅ። የአማርኛ መምህርም ተማሪዎቹን ወደ ሰፈሩ ሽማግሌዎች ልኮ፣ የሰፈራቸው ወንዝ ቀድሞ እንዴት እንደነበረ ጠይቀው እንዲጽፉ ያድርግ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግቢው ራሱ መምህር ይሁን። በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች ይመገባሉ፤ የወጥ ቤቱ ልጣጭና ትራፊ በጉድጓድ በስብሶ ማዳበሪያ ቢሆን፣ ማዳበሪያውም ጎመን ቢያበቅል፣ ጎመኑም ተመልሶ ወደ ገበታ ቢመጣ፣ ሕፃኑ የብዙ መጻሕፍትን ቃል በአንድ መደብ ላይ ያነበዋል። እንዲህም ሲሆን ወጥ ቤቷና አትክልተኛው ከመምህራን ወገን ይቈጠራሉ።

ለዚህ ምሳሌው ከሩቅ አገር አይፈለግም። በሰሜኑ ክፍለ አገራችን ዙሪያው እርሻ ሆኖ ሲራቆት፣ በየደብሩ ቅጽር ጥድና ወይራ ቆሞ ይታያል። ይህን ደን ያቆየው በሰዓት የተወሰነ ትምህርት አይደለም፤ ካህኑም ምእመኑም ሕፃኑም አንድ ሆነው የጠበቁት ሥርዓት ነው። ስለዚህ ካህናት አባቶቻችን ይህን የቆየ ልማድ በየአጠገባቸው ላሉት ትምህርት ቤቶች ቢያሳዩ፣ ስለ ትምህርት ኃላፊነት ያለባቸው ሹማምንትም ትምህርት ቤት ሲጐበኙ የፈተናውን ውጤት ብቻ ሳይሆን የግቢውን ጉድጓድና የወጥ ቤቱን ትራፊ ቢመረምሩ መልካም ነው። የማይጠየቁበት ሥራ ቶሎ ይረሳልና።

በዚያች ቅዳሜ ፊደል ይቈጥር የነበረ ሕፃን ዛሬ ሊጐለምስ ተቃርቧል። ነገ ቤት ይሠራል፤ ጥራጊም ያወጣል። ወዴት እንደሚጥለው የሚያውቀው፣ ዛሬ በትምህርት ቤቱ ግቢ ስናደርግ ባየው ነው።