ከዘመነ ጽጌ በኋላም የሚያብብ ዐፀድ

አስፋልትና ፎቅ በበዛበት በሐዋሳ ፒያሳ የቤተ ክርስቲያን ዐፀድ ለምእመናን ጥላ፣ ለንብና ለወፍም መጠጊያ ነው። ይሁን እንጂ አበባ ስንተክል ብዙ ጊዜ መልኩን እንጂ ወቅቱን አናይም። አደይ አበባ መስከረምን ያደምቃል፤ ዘመነ ጽጌ ኅዳር 5 ቀን ከተፈጸመ በኋላ ግን ብዙው ዐፀድ አበባ አልባ ይሆናል፤ ንቦችም በበጋው የሚቀስሙት ያጣሉ።

ስለዚህ ሰበካ ጉባኤያት ተክልን በየወቅቱ እንዲመርጡ እንመክራለን። ግራዋ በበጋ ነጭ አበባውን ለንብ ይሰጣል። ቀይ የእሬት አበባና ብርቱካንማው የፈረስ ዘንግ ደግሞ መንቆረ ረጃጅም አበባ ቀሳሚ ወፎችን ይስባሉ። ቅጠሉ የተደራረበ ጽጌረዳ ያማረ ቢሆንም ለንብ የሚሰጠው ጥቂት ነው። ችግኞቹ ዝናቡ ሲጠና፣ በሰኔና በሐምሌ ቢተከሉ ሥር ለመስደድ ይቀላቸዋል።

የወፍ ቆሎ ግን ወደ ቅጽራችን እንዳይገባ እናሳስባለን። አበባው ኅብረ ቀለም ቢኖረውም ወፎች ፍሬውን በልተው ዘሩን እስከ ግጦሽ መሬት ያደርሱታል፤ ቅጠሉም ከብት ይመርዛል። እኛ ለጌጥ የተከልነው የጎረቤታችንን ላም ሊገድል አይገባም።

አበባ ላይ ፀረ ተባይ አይረጭ፤ የግድ ከሆነም ንቦች ወደ ቀፏቸው ከተመለሱ በኋላ፣ ከሠርክ ጸሎት ፍጻሜ ወዲህ ይሁን።